ጥልፉን ገልብጠው ይዩት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ሀገር ልብስ ጥልፍ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ተመሳሳዮቹን አጣምረን ለሰባቱ መልስ ሰጥተናል። የአንገት ጥልፍ አሠራርና የቆየ ቀሚስ አጠባበቅ ሰፊ ቦታ ስለወሰዱ ሌሎቹን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ «የእጅ ጥልፍ ነው» ተብዬ የገዛሁትን ቀሚስ አክስቴ አየችና «ይሄ ጥበብ እንጂ ጥልፍ አይደለም» አለችኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «የመኪና ነው» አለች። በምን ልለይ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀሚሱን ይገልብጡና ብርሃን ወዳለበት ይውሰዱት። ፊቱ ያታልላል፤ ጀርባው ግን ያጋልጣል።

ጥበብ የሸማኔው ሥራ ነው። ጨርቁ ገና በሽመና ላይ ሳለ ሸማኔው ባለቀለም ክር በድሩ (በቁመት በተዘረጋው ክር) መሐል በጣቱ እያስገባ ከነጩ ማግ (ከአግድሙ ክር) ጋር አብሮ ይሸምነዋል። ስለዚህ ባለቀለሙ ክር ሁልጊዜ የማጉን መንገድ ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ጌጡም ደረጃ ደረጃ እየሠራ ያድጋል። መስቀልና ሦስት ማዕዘን ያምርበታል፤ እንደ ሐረግ የሚጠማዘዝ ለስላሳ መስመር ግን አይወጣለትም። ጥልፍ ጨርቁ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚሠራ ስለሆነ እንደልቡ ይዞራል። በቀሚስዎ ላይ አንድ የተጠማዘዘ መስመር ይፈልጉ። ጠጋ ብለው ሲያዩት ደረጃ ከሌለው ጥልፍ ነው። ሁለቱም በአንድ ልብስ ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ (ታች ጥለት፣ ደረት ላይ ጥልፍ) አክስትዎም ሻጩም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል።

የመኪና ጥልፍ በሁለት ክር ይሰፋል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ጀርባው ላይ ከፊቱ ቀለም የተለየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ የሆነ ቀጭን ክር ከዳር እስከ ዳር ካዩ የመኪና ነው። አንድ ክር ብቻ የሚጠቀምና የሰንሰለት ጥልፍ የሚያወጣ መኪናም ስላለ በዚህ ብቻ አይርኩ። ሰው የሚሰፋበት ክር በየጊዜው ያልቃል። የአንድ ክንድ ክር በሰንሰለት ጥልፍ ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በእጅ የተጠለፈ መስመር ጀርባው ላይ በየግማሽ ስንዝሩ፣ ቢበዛ በየስንዝሩ፣ ክር ያለቀበትና አዲስ የተጀመረበት ጫፍ ይገኛል። ሙሉውን ደረት ዞረው አንድም ጫፍ ካጡ ያ የሰው እጅ አይደለም። የመኪና ጥልፍ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በእጅ ዋጋ ሲሸጥ ነው።

ጥያቄ፦ ለራሴ ቀሚስ የአንገትና የደረት መስቀል በእጄ መጥለፍ እፈልጋለሁ። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ጨርቁ ተሸበሸበብኝ። ክርም መሐል ላይ አለቀብኝና ያንኑ ቀለም ዳግም አላገኘሁም። ምን አጠፋሁ? ስንት ቀንስ ይፈጃል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሽብሸባው ከሦስት ምክንያት ይመጣል፤ ካልታጠበ ጨርቅ፣ ደጋፊ ጨርቅ ካለማድረግና ክር አጥብቆ ከመሳብ። በተራ እንያቸው።

የፈትል ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተጠለፈ በመጀመሪያው እጥበት ጨርቁ ሲያጥር ጥልፉ ባለበት ይቀርና ደረቱ እንደ ቅጠል ይጨማደዳል። ስለዚህ ጨርቁን ለብ ባለ ውኃ ነክረው፣ ሳይጠመዝዙ አድርቀው ይተኩሱት። ከሥር የሚደገፍበትን አቡጀዲም እንዲሁ ያድርጉ፤ እንዲያውም ከፋብሪካ የተቀባው ማጠንከሪያ እስኪለቅ ሁለት ጊዜ ማጠብ ይሻላል።

አቡጀዲው ግድ ነው። በእጅ የተፈተለ ክር ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሽመናውም ሳሳ ያለ በመሆኑ ጥልፉን ብቻውን አይሸከምም። ከጥልፉ ዙሪያ በየአቅጣጫው 3 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ አቡጀዲ ቆርጠው፣ የድሩን አቅጣጫ ከጨርቁ ድር ጋር አስተካክለው፣ በረጃጅም ስፌት ያዝ ያዝ ያድርጉት። ሥራው ሲያልቅ ትርፉን ከጥልፉ 5 ሚሊ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡ።

አንገቱን አስቀድመው እንዳይቆርጡ። ይህ ብዙ ልብስ ያበላሸ ስህተት ነው። የተቆረጠ አንገት መወጠሪያ (ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው ክብ) ውስጥ ሲገባ ይለጠጥና ክቡ ይጣመማል። የአንገቱን ቅርጽ በቀለም ክር በረጃጅሙ ሰፍተው ምልክት ያድርጉ፣ ጥልፉን ይጨርሱ፣ ከዚያ ይቁረጡ። የደረቱን መሐል መስመርም በማስመሪያ ሳይሆን አንድ የድር ክር ተከትለው በሌላ ቀለም ይስፉት። የእጅ ሽመና ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም፤ በማስመሪያ የተሰመረ መስቀል ቀሚሱ ሲለበስ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ይመስላል።

ንድፉን ወረቀት ላይ በወፍራሙ ይሣሉና ከጨርቁ ሥር አድርገው በሹል እርሳስ ወይም በውኃ በሚጠፋ እስክሪብቶ ይገልብጡት። ይህንን አቡጀዲው ከመያዙ በፊት ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ንድፉ በሁለቱ ጨርቅ ውስጥ አይታይም። ካርቦን ነጩን ጨርቅ ያቆሽሻል። ተራ እስክሪብቶ ደግሞ ሲታጠብ ወደ ክሩ ይሰራጫል።

አሁን ወደ ክሩ። የተለመደው የጥጥ ጥልፍ ክር አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ሲሆን ስድስት ቀጫጭን ክሮች የያዘ ነው። ለአንገት ሥራ በሦስት ክር መጥለፍ ይበቃል፤ መርፌዋም ቁጥር 7 ትሁን። ጥቅሉ ለሁለት ሲከፈል 16 ሜትር ባለሦስት ክር ያወጣል። የሰንሰለት ጥልፍ፣ በየጫፉ የሚባክነው ተደምሮ፣ የመስመሩን አምስት እጥፍ ያህል ክር ይበላል። ስለዚህ አንድ ጥቅል 3 ሜትር መስመር ይሸፍናል ብለው ያስቡ። የንድፉን መስመሮች በሲባጎ እየተከተሉ ይለኩ፤ ጠቅላላው 9 ሜትር ከሆነ ከዚያ ቀለም ሦስት ጥቅል፣ ለጥንቃቄ አራት፣ በአንድ ቀን ከአንድ ቦታ ይግዙ። የቀለም ቁጥሩ አንድ ሆኖም በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ሲውል ሊለይ ይችላል።

ስፌቱ እንዲህ ነው። ክሩን ከክንድ የማይበልጥ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡ፤ ሲረዝም በየቀዳዳው እየተፋቀ ይጎፍራል። ቋጠሮ አያድርጉ፣ በሳሳ ጨርቅ ላይ ጉብ ብሎ ይታያል። 5 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ከጀርባ ይተዉና በኋላ በስፌቱ ሥር ይሸጉጡት። መርፌዋን ከታች ወደ ላይ ያውጡ፤ ክሩን በግራ አውራ ጣትዎ ይያዙት። መርፌዋን በወጣችበት ቀዳዳ መልሰው አስገብተው 3 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ብቅ ያድርጓት፤ ክሩ ከጫፏ ሥር ይዙር። ሲስቡት ቀለበት ይሆናል። ቀጣዩ ስፌት የሚጀምረው ከዚያች ቀለበት ውስጥ ነው። ሲስቡ ወደ ላይ ይሳቡ፤ ወደ ፊት ከጎተቱት ቀለበቷ ትጠብና የሰንሰለቱ መልክ ይጠፋል፣ ጨርቁም ይሰበሰባል። መወጠሪያው እንደ ከበሮ ከተወጠረ መርፌዋን በአንድ ጊዜ አስገብቶ ማውጣት አይቻልም፤ ወይ ትንሽ ያላሉት፣ ወይ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ በሁለት እንቅስቃሴ ይሥሩ። ማታ ሲያቆሙ መወጠሪያውን ያውልቁት፤ ጨርቁ ላይ የሚተወው ክብ እጥፋት በቀላሉ አይለቅም።

ኩርባ ላይ ስፌቱን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያሳጥሩ። የመስቀሉ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ቀለበቷን በአንዲት ትንሽ ስፌት ቆልፈው ከውስጧ እንደ አዲስ ይጀምሩ፤ አለበለዚያ ማዕዘኑ ይዶለዱማል። የመጨረሻዋን ቀለበት መቆለፍ የረሳ ሰው፣ የጆንያ አፍ እንደሚተረተር ሙሉው መስመር በአንድ ሳብታ ሲተረተር ያያል። ጥቁርና ቀይ ክር ደግሞ ከአንዱ ጌጥ ወደ ሌላው በጀርባ በኩል ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ አያሻግሩ፤ በነጩ ጨርቅ ውስጥ እንደ ጥላ ያስታውቃል።

ስንት ቀን ይፈጃል ላሉት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ጠልፈው ሰዓት ይያዙ። ክር መቀየሩ ተደምሮ 8 ደቂቃ ከወሰደብዎ 9 ሜትሩ 12 ሰዓት ነው። ይህ የአንዱ ቀለም መስመር ብቻ ነው፤ መሙላቱ ለብቻው ይታሰባል።

ጥያቄ፦ እህቴ ኢትዮጵያ ውስጥ ጥልፍ ትሠራለች። ከዚህ ምን ዓይነት ክር ልላክላት? የሚያብረቀርቀው ይሻላል? (ከዱባይ)

መልስ፦ ለሚታጠብ ልብስ የጥጥ ክር ይላኩ። በ1746 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ የፈረንሳይ ከተማ ሙሉዝ የተመሠረተው የዲኤምሲ ኩባንያ ክር በቀለም ቁጥር ስለሚሸጥ ለርቀት ግዢ ይመቻል፤ 310 ጥቁር፣ 321 ቀይ ነው። እህትዎ የወረቀት መጠቅለያውን እንዳትጥል ይንገሯት፣ ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። የሚያብረቀርቀው ሬዮን ፎቶ ላይ ያምራል፤ ግን ሲረጥብ ይደክማል፣ ሲጠልፉትም ይንሸራተታል፣ ጫፉ ይበተናል። ለጀማሪ አይመከርም። ከላኩላት በ30 ሴንቲ ሜትር እየቆረጠች፣ ክሩን በእርጥብ ስፖንጅ እያለሰለሰች ትሥራበት።

ጥያቄ፦ የእናቴ የጥልፍ ቀሚስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለሠርግ ልለብሰው ስል በመኪና አጥቤው ቀዩ ክር ነጩ ላይ ለቀቀ። ሐር ይሁን ጥጥ አላውቅም። ይመለሳል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ደርቆ ከሆነም አይተኩሱት፤ ሙቀት የለቀቀውን ቀለም ያጸናዋል። በበረኪና ላጽዳው እንዳይሉ። ክሩ ሐር ከሆነ በረኪና ያሟሟዋል፤ ጥጥም ቢሆን አሮጌውን ፈትል ያሳሳዋል፣ ውሎ አድሮም ያስወይበዋል።

ሰፊ ገንዳ በቀዝቃዛ ውኃ ሞልተው ቀሚሱን ሳይታጠፍ ይዘርጉት። ውኃውን በየ15 ደቂቃው ይቀይሩ፤ ሮዝ መሆኑን እስኪተው ድረስ። እዚያ ሀገር ገበያ ላይ የሚገኘውን ቀለም የሚሰበስብ ወረቀት ሁለት ሦስት ከልብሱ ሥር ቢያስቀምጡ ይረዳል። መሐል ላይ ሰልችቶዎት በግማሹ እንዳያሰጡት፤ ቀለም የሚሰፍረው ልብሱ ሲደርቅ ነው። የቀረው ቀለም ከሦስት አራት ሰዓት በኋላም ካልለቀቀ ይተዉት። ከዚያ በላይ መሞከር ጨርቁን መጉዳት ነው፤ ቀሚሱ ውድ ቅርስዎ ከሆነ የቆየ ጨርቅ ለሚጠግን ባለሙያ ያሳዩት።

ክሩን ለመለየት ከጀርባ የተሸጎጠ 1 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ቆርጠው በወረንጦ ይዘው፣ ሳሕን ላይ ክብሪት ያስነኩት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ሲነካ ከደቀቀ ሐር ነው። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ወይም ሬዮን ነው። ቀልጦ እንደ ጠጠር ከጠጠረ ሰው ሠራሽ ነው።

ለወደፊቱ፣ ከመታጠቡ በፊት እያንዳንዱን ቀለም በጀርባ በኩል በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ተጭነው ይፈትኑ። ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ ልብሱ ውኃ አይንካው። ካልለቀቀ በቀዝቃዛ ውኃና ቀለምም ማንጫም በሌለው ፈሳሽ ሳሙና፣ ሳይፈትጉ በመዳፍ እየተጫኑ ይጠቡት። ነጭ ሸማ በእንዶድ የማጠብ ልማድ ደግ ነው፤ ባለቀለም ጥልፍ ላይ ግን እሱም ፈተናውን ይለፍ። አይጠምዝዙ፤ በነጭ ፎጣ ጠቅልለው ውኃውን ያስመጥጡና በጥላ ሥር ተዘርግቶ ይድረቅ። ገመድ ላይ የተሰቀለ እርጥብ ፈትል በራሱ ክብደት ይለጠጣል። ሲተኩሱ ጥልፉን ወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ ደፍተው በጀርባው ይተኩሱ፤ አለበለዚያ ሰንሰለቱ ይደፈጠጣል።

ብዙዎች ሀገር ልብስ በፌስታል ጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ ናፍታሊን ይጨምሩበታል። የልብስ ብል የሚበላው ሱፍና ሐር እንጂ ንጹሕ ጥጥ አይደለም፤ የጥጥ ጠላቱ እርጥበትና ስታርች ነው። ፌስታል እርጥበቱን ያፍናል፣ ሻጋታ ያመጣል። ያለ ስታርች ታጥቦ በደንብ የደረቀውን ቀሚስ በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ እጥፋቱ ውስጥ የተጠቀለለ ጨርቅ ያድርጉ፣ በዓመት ሁለት ጊዜም የሚታጠፍበትን ቦታ ይቀይሩ። ያረጀ ክር መጀመሪያ የሚበጠሰው እጥፋቱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ቀሚስ ለንደን ነው ይባላል። እውነት ነው? ጥልፉስ ከዛሬው ይመሳሰላል? (ከሊድስ)

መልስ፦ እውነት ነው። የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ ሙዚየሙ ጥሩነሽ እያለ ይጠራቸዋል። ከመቅደላ መውደቅ (ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.) በኋላ እቴጌይቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በመንገድ ላይ አርፈው ጨለቆት ተቀበሩ፤ ልጃቸው አለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ሙዚየሙ 150ኛውን ዓመት ምክንያት በማድረግ በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ ዕቃዎችን ለብቻ ሲያሳይ ቀሚሱም ነበረበት። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ በሐር ክር የተጠለፈ። ጥልፉ ያረፈው አንገቱ፣ ደረቱና የእጅጌው ጫፍ ላይ ነው፤ ዛሬም ሠርግ ላይ የምናየው አቀማመጥ ይኸው ነው። የተለወጠው ክሩ ነው። በዚያ ዘመን ባለቀለም ሐር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለነበር የውጭ ሐር ጨርቅ ተተርትሮ ክሩ ለጌጥ ይውል ነበር። ከሊድስ ለንደን ሩቅ አይደለም፤ ከመሄድዎ በፊት ግን ቀሚሱ ለእይታ ወጥቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አያቴ አዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለመሄድ ስትጠባበቅ የጠለፈቻቸው ጨርቆች አሉን። የኖኅ መርከብና የመንደር ኑሮ ያለባቸው ናቸው። ልጆቼ «ይሄ የእኛ ነው ወይስ የተማረችው?» ይሉኛል። እንዴትስ ላቆያቸው? (ከነታንያ)

መልስ፦ ሁለቱም ነው ይበሏቸው። ቤተ እስራኤል በጎንደር በይበልጥ የሚታወቁት በሽመና፣ በብረት ሥራና በሸክላ ነበር። በአዲስ አበባና በጎንደር የመጠባበቂያ ዓመታት፣ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁድ ጉባኤ በከፈተው የእጅ ሥራ ፕሮግራም ብዙ ሴቶችና ወንዶች እየጠለፉ ቤተሰብ ያስተዳድሩ ነበር። የሰንበት ዳቦ መሸፈኛና የግድግዳ ጌጥ ይሠሩ ነበር፤ ገዢዎቹ በአብዛኛው አሜሪካ ያሉ አይሁድ ነበሩ። የዕቃው ዓይነት ለገዢው ሲባል የመጣ ነው። ሞሰቡ፣ ጎጆው፣ ነጠላዋን ያጣፋችው ሴት ግን ከራሳቸው ኑሮ የተቀዱ ናቸው። የሰንሰለቱን ረድፍ ይዩት፤ የሰውነቱን ቅርጽ እየተከተለ ነው የሚሞላው? ያ ከሆነ ጠላፊዋ መርፌዋን እንደ እርሳስ ትጠቀም ነበር ማለት ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ሲግድ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ስለሆነ፣ በዚያ ቀን አውጥቶ ለልጆች ማሳየት የሚመች አጋጣሚ ነው።

አያትዎ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይቀመጡና ይጠይቋቸው፤ የትኛውን በስንት ቀን፣ ንድፉን ማን ሣለው፣ ክሩ ከየት መጣ። እያንዳንዱን ጨርቅ ፊቱንም ጀርባውንም ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ያንሱ። ስማቸውንና ዓመቱን በጥጥ ጥብጣብ ላይ ጠልፈው ከጀርባ በአራት ስፌት ያያይዙ፤ በእስክሪብቶ ጨርቁ ላይ አይጻፉ። በክፈፍ ከሰቀሉት መስተዋቱ ጥልፉን አይንካው፣ ፀሐይም አይምታው። በሙጫ ካርቶን ላይ ማጣበቅ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም።

እንዲህ በጥልፍ የሚተዳደሩ ማኅበረሰቦች ዛሬም አሉ። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ በአለርት ሆስፒታል ዙሪያ፣ ከሥጋ ደዌ የዳኑ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲፈትሉ፣ ሲሸምኑና ሲጠልፉ ኖረዋል። ሀገር ቤት ሲመጡ ጎራ ብለው ሥራቸውን ይዩ፤ ይግዙም።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት የከፈይ ድባብ ላይ በወርቅ ክር መስቀል እየጠለፍን ነው። ክሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲገባ ወርቁ ይላጣል፣ ውስጡ ይወጣል። (ከባሕር ዳር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት)

መልስ፦ የወርቅ ክር በጨርቅ ውስጥ አይመላለስም። ወርቃማው ልባስ በውስጠኛው ክር ላይ የተጠመጠመ ስስ ነገር ስለሆነ ከፈዩ ይልጠዋል። ሁለት የወርቅ ክር ጎን ለጎን በንድፉ ላይ ያስተኙ፤ በሌላ ቀጭን ቢጫ ክር በየ4 ሚሊ ሜትሩ ከላያቸው በትንሽ ስፌት ይሰሯቸው። ወርቁ ከጨርቁ በላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ጨርቁን የሚበሳው ቢጫው ብቻ ነው። ቢጫውን ክር በሰም ቢያሻሹት አይጠላለፍም።

መስመሩ ሲያልቅ የወርቁን ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር አስተርፈው ይቁረጡ፤ ሰፊ ቀዳዳ ባለው ወፍራም መርፌ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጀርባ አሳልፈው እዚያ በቢጫው ያስሩት። ማዕዘን ላይ ሁለቱን ክሮች አብረው አያጥፉ፤ መጀመሪያ የውጪውን፣ ቀጥሎ የውስጡን ለየብቻ ይሰሩ። ከፈይ ላይ በእርሳስ መሣል ስለማይቻል ንድፉን በስስ ወረቀት ላይ ሥለው፣ ወረቀቱን ከላይ አድርገው በረጃጅም ስፌት መስመሩን ይከተሉ፤ ከዚያ ወረቀቱን ቀድደው ያውጡት። ከፈዩ ጭራው የሚተኛበት አቅጣጫ አለው። የድባቡ ቁራጮች ሁሉ ጭራቸው ወደ ታች የሚወርድ መሆኑን ከመቁረጥዎ በፊት በእጅዎ ዳብሰው ያረጋግጡ፤ አንዷ ከተገለበጠች ጃንጥላው ሲዘረጋ ቀለሟ ለብቻው ይጠቁራል።